መምህር አያሌው እና የሁዳዴው ወተት

የመምህር አያሌውን መርዶ የነገረኝ ማስረሻ ነው። ባሕር ዳር ቢሮዬ ገብቼ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ ደወለ። ድምፁ ሻክሯል። «ሙሉቀን፣ ቁጭ በል» አለኝ። ቁጭ አልኩ። «መምህር አረፉ» አለኝ።

ሰው ሁሉ እንደሚለው «ነፍሳቸውን ይማር» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «በምን አወቅህ?» የሚል ሆነ።

ከዚያ ማስረሻ ሳቁ አመለጠው፤ እኔም አመለጠኝ። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ ደብረ ታቦር አንዱ ባሕር ዳር ሆነን፣ በምንወደው ሰው መርዶ ላይ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በኋላ እንባው የምር ሆነና አፈርን። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ምን እንደሆንኩ ግራ ገብቷቸው ውሃ አመጡልኝ።

«በምን አወቅህ?» የመምህር አያሌው ቃል ነው። እሳቸው ያስተማሩት ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይረሳም። ማስረሻም እንደ ደንቡ መለሰልኝ።

«በቤታቸው በኩል በባጃጅ ሳልፍ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሩ ደጅ ወጥቷል። በሁዳዴ ሰርግ የለም። ታዲያ ድንኳኑ የምን ሊሆን ነው?»

«ገብተህ አልጠየቅህም?»

«ለቅሶ ቤት ብቻዬን እንዴት እገባለሁ? እናንተን ይዤ ልግባ ብዬ ነው እንጂ።»

ይህም እውነት ነው። የመምህር ስልክ ላይ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ጋ ደውሎ «ሞቱ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የባለጌ ሥራ ነው። ፈቃድ ጠይቄ፣ ጋቢ ይዤ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ሐሙሲት ላይ ብርቱካንን ከመንገድ አንስተን ወደ ደብረ ታቦር ቀጠልን። ሦስታችን፣ ማስረሻ፣ ብርቱካንና እኔ፣ የመመረቂያ ጥናታችንን አብረን የሠራነው በመምህር አማካሪነት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ብርቱካን ታለቅሳለች፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ተማሪ ሳለሁ መምህርን አታልያቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ እኔን አምነው በሰው ፊት ቆመውልኛል። በየዓመቱ «ዘንድሮ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» እል ነበር። አሁን የምነግረው ሰው የለም ብዬ ራሴን በመስኮቱ ላይ አስደግፌ ሄድኩ።

መምህር አያሌው የሳይንስ ተማሪዎችን የምርምር ዘዴ ነበር የሚያስተምሩት። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች «ሸምድዳችሁ ትወጡታላችሁ፣ አትጨነቁ» ብለውናል። እኛም ደስ ብሎን አልተጨነቅንም።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በተጣጠፈ ወረቀት ያበጠ ነው፤ መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። አንድ ነገር ስትነግራቸው ቀኝ እጃቸውን፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው፣ ይዘረጉና «በምን አወቅህ?» ይላሉ። እጁ እንደተዘረጋ ይቆያል። «እንዲህ ይባላል» ብትል አይሰበሰብም። «መጽሐፍ ላይ አለ» ብትል ግራውንም ይጨምሩበታል። «አየሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጠየቅሁ» ስትል ብቻ ጣቶቻቸውን አጥፈው እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱታል፤ በእርግጥም የሆነ ነገር የተቀበሉ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ገብተው ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩን፣ «ወደዚህ ክፍል ስትመጡ ስንት ደረጃ ወጣችሁ?» አሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ማስረሻ፣ ያኔም እንዳሁኑ እርግጠኛ ለመሆን ምንም የማይቸግረው ልጅ፣ እጁን አወጣ።

«ሃያ አራት።»

«በምን አወቅህ?»

«ቆጥሬ ነዋ።»

«መቼ?»

«ስወጣ።»

«ደረጃ የምትወጣው እየቆጠርክ ነው?»

«አይ... ዛሬ ብቻ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። «በሉ ውጡና ቁጠሩ» አሉን። ክፍሉ በሙሉ እየተጋፋ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። አንዱ ሃያ ሁለት አለ፣ አንዱ ሃያ ሦስት። ግማሹ ታች ያለውን የተሰበረ ደረጃ ቆጥሮታል፤ ግማሹ «እሱ ድንጋይ ነው እንጂ ደረጃ አይደለም» ብሎ ዘሎታል። ብርቱካን «የመጨረሻው ወለሉ ራሱ ነው፣ አይቆጠርም!» ብላ ከሦስት ወንዶች ጋር በክርክር ተያያዘች። ከታች ያሉት የሌላ ክፍል ተማሪዎች ጠብ የተነሳ መስሏቸው ሊገላግሉ መጡ። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ። መምህር በሩን ተደግፈው ያዳምጡናል፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ኮርሱ ይሄ ነው» አሉ። «ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው? ከየት ይጀመራል? ማን ቆጠረው? የቀረው መጽሐፉ ላይ አለላችሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ የእሳቸው ክፍል ሲሆን ቦታ ለመያዝ እንሽቀዳደም ጀመር።

ሌላው ሕጋቸው ህዳግ ነው። መጠይቅ ስናዘጋጅ ከወረቀቱ በስተቀኝ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ያስተዉናል። «ሰው የጠየቅኸውን ብቻ መልሶ ዝም አይልም» ይላሉ። «ስትገባ ይናገራል፣ ስትወጣ ይናገራል። የተናገረውን ሁሉ ህዳጉ ላይ ጻፍ። ውሻው ቢነክስህም ጻፍ።» እኛ ይህን እንደ ሽማግሌ አመል ነበር የምናየው። ህዳጉን እንሞላዋለን፤ ዞር ብሎ የሚያነበው ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጥናታችንን ለማማከር ወደ ቤታቸው እንሄድ ነበር። የሰፈሩ እድር ዕቃ ያዥ ስለሆኑ ቤታቸው በእድሩ ድስትና ወንበር ተጨናንቋል። እያንዳንዱ ሳህን ሳይቀር በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። እትዬ ጥሩዬ በዚህ ዕቃ መሐል እየተሽሎከለኩ ምሳ ያቀርቡልናል። አንድ ቀን መምህር ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው «ዛሬ ጨው በዝቷል» አሉ። እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ልክ እንደ ባላቸው ዘረጉና «በምን አወቅህ? ገና መች ቀመስከው!» አሏቸው። መምህር እጃቸውን ታጥበው፣ ቆርሰው፣ ቀመሱ። «አልበዛም» አሉ በትሕትና። ብርቱካን ትን ብሏት በስንት ምት ተመለሰች።

የእኛ ጥናት ስለ ወተት ነበር። በጋፋት ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ወተትና የወተት ውጤት ምን ያህል ይመገባሉ የሚል ነው። መጠይቁን በጥር አዘጋጀን። ዋናው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ «ትናንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ ወይም ቅቤ ቀምሰዋል?» መምህር ፊደል አቃንተው ፈረሙበት። «ጥያቄውን እንደተጻፈው አንብቡ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ» ብለው አስጠነቀቁን። ከዚያ የማባዣ ማሽኑ ተበላሸ። ዛሬ ነገ ሲባል ወረቀቱ በእጃችን የገባው ሁዳዴ ከተያዘ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

አንባቢ አሁን ገብቶታል። እኛ ግን አልገባንም። ሦስታችንም ጿሚ ነን። ሦስታችንም የገበሬ ልጆች ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳንቀምስ፣ ከንፈራችን እንደደረቀ፣ ቤት ለቤት እየዞርን ጿሚውን ሁሉ «ትናንት ወተት ቀምሰዋል?» እያልን ጠየቅን። ሰው «አልቀመስኩም» ይላል፤ እኛ ምልክት አድርገን «እናመሰግናለን» እንላለን። ጾሙ በአንድ ኪሳችን፣ ሳይንሱ በሌላው ነበር መሰለኝ፤ ሁለቱ አልተገናኙም።

ማስረሻ አንድ ቄስ ደጅ ደረሰ። መስቀል ተሳልሞ ሲያበቃ ወረቀቱን አወጣና «አባ፣ ትናንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ ወይም ቅቤ ቀምሰዋል?» አላቸው። ቄሱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አማተቡ።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ማስረሻ የአባቱን ስም ነገራቸው።

«አባትህስ ደኅና ሰው ነው» ብለው አዝነው ሸኙት።

ማስረሻ «አልቀመሱም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ህዳጉ ላይም፣ ተማሪ ይሏል እንዲህ ነው፣ «አማተቡ። አባቴን ያውቁታል» ብሎ ጻፈ።

የእኔ ጥፋት የመጣው በመጨረሻው ቀን ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ አምስት ቤት ቀርቶኛል። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ሆዴ ባዶ ነው። እስካሁን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «አልቀመስኩም» ብሏል። አምስቱስ ሌላ ምን ሊሉ ነው? አንድ ወይራ ሥር ቁጭ አልኩና አምስቱን ወረቀት ራሴ ሞላሁት። ዕድሜ ሰጠኋቸው፣ ልጆች ሰጠኋቸው። አንደኛዋን ባል የሞተባት አደረግኋትና አዘንኩላት። በግማሽ ሰዓት ጨርሼ፣ ወንዙን ሳልሻገር፣ እንደ ደከመው ሰው እየተራመድኩ ወደ ጓደኞቼ ተመለስኩ።

ጽሑፋችን አለቀ። ውጤቱ ያስደንቃል፦ በጋፋት ዙሪያ ወተት የቀመሰ ሰው አንድም አልተገኘም። ምክንያቱንም ጻፍን፦ የግንዛቤ እጥረት። ምክረ ሐሳብም ሰጠን፦ ስለ ወተት ጥቅም ለኅብረተሰቡ ሥልጠና ይሰጥ። ሦስታችንም ወተት እየጠጣን ያደግን ልጆች ይህን በወረቀት አስፍረን አስጠረዝነው።

የመጀመሪያው ዙር ዲፌንስ፣ ጥናታችንን በፈታኝ ፊት የምናቀርብበት፣ የሆሣዕና ሳምንት ሊገባ ሲል ነበር። ከሌላ ቦታ የተጋበዙ ፈታኝ መጡ፤ መምህር ከማል ይባላሉ፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ብርቱካን በሚያምር ድምፅ አቀረበች። ስትጨርስ መምህር ከማል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ትናንት ነው የገባሁት» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ሆቴሉ ቁርስ ቤት ሻይ በወተት አዘዝኩ። አስተናጋጇ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ?»

አላወቅንም።

«‹ጋሼ፣ ጾም እኮ ነው፤ ወተት ከየት ይመጣል?› አለችኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ረስቼው ነበር። እናንተ ግን ይህን መረጃ የሰበሰባችሁት በየትኛው ወር ነው?»

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ሰው «ኡ!» አለ። ከዚያ ከኋላ መስመር የጀመረ ሳቅ እየተንከባለለ ወደ ፊት መጣ። ማስረሻ ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ። ብርቱካን እንደቆመች ቀረች። እኔ በዚያ ሰዓት ያየሁት ምረቃዬን ነው፤ አባቴ ለምረቃዬ ያሰፋውን አዲስ ኮት ነው።

መምህር አያሌው ከተቀመጡበት ተነሱ። ሳቁ ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «መጠይቁን አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቀኑን አላየሁም። እኔም ጾሜ ነበር፤ እንደነሱው አልታየኝም። ልጆቹ ግን ያልኳቸውን አድርገዋል። በእግራቸው ቤት ለቤት ሄደው፣ ሰው ያላቸውን ነው ያመጡት። ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ።»

ከዚያች ቃል በኋላ የተባለውን አላስታውስም። «ምስክር ነኝ» ሲሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር። እኔ አምስቱን ወረቀቶች አሰብኩ፤ ወይራውን አሰብኩ። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሳሁም።

በማግስቱ ቢሯቸው ጠሩን። የመጠይቁ ክምር ጠረጴዛው ላይ ነው። «ህዳጉን አንብባችሁታል?» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። «እኔም አላነበብኩትም። ኑ፣ አብረን እናንብብ።»

ማንበብ ጀመሩ። «‹አማተቡ። አባቴን ያውቁታል።›» ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጠሉ። «‹ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ።›» መነጽራቸውን አወለቁ። «‹ሰውዬው ለሚስታቸው፣ እነዚህን ልጆች ፀሐይ መትቷቸዋል፣ ውሃ ስጫቸው አሉ።›» ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ እማማ አንጓች የሚባሉት ባልቴት ያሉትን፣ ብርቱካን በጥንቃቄ የጻፈችውን አነበቡ፦ «‹ልጆቼ፣ ከፋሲካ በኋላ ብትመጡ ምን አለበት?› ለግብዣ መሰለኝ፣ አመሰገንኳቸው።»

መምህር ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። መጀመሪያ ታመሙ ብለን ደነገጥን። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው በእንባ ርሷል፤ «አገሩ ሁሉ ነግሯችኋል እኮ!» ይላሉ፣ «አገሩ ሁሉ! መልሱ በእጃችን ነበር!» እኛም ያዝነውን ረስተን አብረን ሳቅን። ማስረሻ ሳቅ ጥሎት ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀረ። ጎረቤት ቢሮ ያሉ መምህር በሩን ከፍተው አዩንና ምንም ሳይጠይቁ መልሰው ዘጉት።

ክምሩ ሊያልቅ ሲል የእኔ ወረቀቶች መጡ። መምህር አንዱን አዩ፣ አገላበጡ፤ ቀጣዩን አዩ። ሳቃቸው ቀስ እያለ በረደ። የደከሙ መሰለኝ። ክምሩን አስተካክለው ዘጉት።

«ከፋሲካ በኋላ እንደገና ትሄዳላችሁ» አሉ። «ሁሉም ቤት። አንድም ቤት ሳይቀር።» የቤቶቹን ዝርዝር ለእያንዳንዳችን በእጃቸው ሰጡን።

ከፋሲካ በኋላ የሆነውን መናገር ያስቀኛል። ያን ሳምንት ሰው በር ላይ ቆሞ ጥያቄ አይጠይቅም። «እንኳን አደረሳችሁ» ብለህ ስትገባ እርጎ በዋንጫ ይቀርብልሃል፤ ሳትጠጣ «ትናንት እርጎ ቀምሰዋል?» ብትል ይስቁብሃል። ማስረሻ በቀን ስንት ቤት እንደበላ መቁጠር አቃተው፤ ከሰዓት በኋላ ቀበቶውን ፈትቶ በትከሻው ይዞ ነበር የሚዞረው። ብርቱካን አንድ ቤት አጥር ሥር ተደብቃ ስታርፍ የቤቱ እመቤት አግኝተው ጎትተው አስገቧት። አሁን ደግሞ ያልቀመሰ ሰው ጠፋ።

«አሁን ሁለት የተሳሳቱ ቁጥሮች አሏችሁ» አሉን መምህር ደስ ብሏቸው። «ከአንድ የተሳሳተ ቁጥር ይሻላል። መሐላቸው ያለውን ርቀት ጻፉ።» የጻፍነው እሱን ነው፤ የምትጠይቅበት ቀን መልሱን እንዴት እንደሚለውጠው። መምህር ከማል በሁለተኛው ዙር አጨበጨቡልን።

ወደ እማማ አንጓች ቤት የሄድነው ግን ከመምህር ጋር ነው። መምህር ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። «እማማ፣ ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነዎት። የጥናቱ ምስጋና ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የእርስዎ ስም ነው» አሏቸው። እማማ አንጓች መምህርን ነገሩን በሙሉ አስተረኳቸው።

«በጾም ወተት እንደማይጠጣ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህን ለማወቅ ነው እናንተ ይህን ሁሉ ዘመን የተማራችሁት?»

መምህር እስከ ከተማ ድረስ እየሳቁ ሄዱ። ትንሽ ይራመዱና ይቆማሉ፤ «ይህን ለማወቅ ነው?» ይሉና እንደገና ይስቃሉ።

እኔም ወንዙን ተሻገርኩ። ባል የሞተባት ብዬ የፈጠርኳት ሴት ቤት ሦስት ውሾች ያሏቸው ሽማግሌ ይኖሩበታል። አንዱ ውሻ የሱሪዬን እግር ቀደደው፤ ህዳጉ ላይ ጻፍኩት። አንዱ ቤት ባልና ሚስት ማን ይመልስ በሚለው ተጨቃጨቁ፤ ጻፍኩት። አምስቱንም ሞልቼ ተመለስኩ። የበፊቶቹን አምስቱን ግን ምንም ሳልል ተውኳቸው። ተመረቅን። መምህር ጨበጡኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያኔም አልነገርኳቸውም።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ማስረሻ መናኸሪያው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቀን ነበር። በባጃጅ ወደ ቤታቸው ሄድን። እውነትም ድንኳን ተተክሏል። እውነትም አግዳሚው ደጅ ወጥቷል። ብርቱካን ገና ከባጃጁ ሳትወርድ «መምህሬን! መምህሬን!» ብላ ጮኸች። ማስረሻ ፊቱን ሸፍኖ ገባ። እኔም ተከተልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን በጫማ ክር አንጠልጥሎ፣ የተቀደደ የድንኳን ጫፍ በወስፌ ይሰፋል። ቀና አለ። ደንግጦ ተነሳ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ! እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጆቼ!» አሉ መምህር አያሌው። «ማን ሞተባችሁ?»

ብርቱካን አፏን ከፍታ ቀረች። በመጨረሻ ማስረሻ ከጋቢው ውስጥ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርስዎ» አለ።

ቀኝ እጃቸው ተዘረጋ። መዳፉ ወደ ላይ ነው።

«በምን አወቃችሁ?»

ማስረሻ እየተንተባተበ አስረዳ፤ ድንኳኑን፣ ሁዳዴውን፣ የተዘጋውን ስልክ። እሳቸው በጥሞና አዳመጡ፤ እንደ ጥሩ ተማሪ ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ለካ በላይ ሰፈር ለቅሶ ነበር፤ ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ የእድሩን ድንኳን አበስብሶት ሊያደርቁት ነው የተከሉት። ስልኩም ያን ጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ስለነበር ርሶ ተዘግቷል።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ድንኳን፣ ሁዳዴ፣ ስልክ። ሦስት ማስረጃ አላችሁ። አንድም ጥያቄ ግን አልጠየቃችሁም።»

ብርቱካን ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ጥሩዬ ጩኸቱን ሰምተው ከጓዳ ሲወጡ አራታችን ተቃቅፈን እየሳቅን አገኙን፤ የምን እብደት ነው ብለው እሳቸውም ሳቁ። መምህር አግዳሚው ላይ አስቀመጡንና «በሉ፣ ለሟች ልትሉ የመጣችሁትን ንገሩኝ» አሉ። «ሟች መስማት የሚችለው ዛሬ ብቻ ነው።»

ብርቱካን ተናገረች፤ ማስረሻም ተናገረ። የእኔ ተራ ሲደርስ ተነስቼ ቆምኩ።

«መምህር፣ እኔ አታልዬዎታለሁ። በዚያ ጥናት...»

«አምስቱ ቤት?» አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

እጄ ሳላዘው ተዘረጋ።

«በምን አወቁ?»

«ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት የሁለት ዓመት ልጅ አላት ብለህ ጽፈሃል። የሌለችን ሴት ስም አጠፋህ።» ማስረሻ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቅ እግሩን ከድቶት ነው። መምህር ግን ወደ እኔ ብቻ ያያሉ። «እሱስ ይታለፋል። ህዳጉ ነው ያጋለጠህ። አምስቱም ባዶ ነበሩ። አንዱም አላማተበም፣ አንዱም ውሃ ልስጥህ አላለህም። በእግዚአብሔር የተፈጠረ ሰው የሆነ ነገር ሳይናገር አይሸኝህም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ምስክር ነኝ ብለው በሰው ፊት...»

«ያን ጊዜ አላወቅሁም። ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ልጠራህም ነበር። ከዚያ ከፋሲካ በኋላ ህዳግህን ሞልተህ፣ ሱሪህ ተቀድዶ መጣህ። ከዚህ በላይ ምን ልንገርህ?»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እጄ አሁንም እንደተዘረጋ ነው፤ መሰብሰቡን ረስቼዋለሁ። መምህር አዩት። ወስፌውንና ክሩን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

«በል፣ ያኛው ጥግ ቀርቷል። ስፋልኝ።»

ስሰፋ ደጅ ላይ «ወይኔ መምህሬን!» የሚል ሌላ ለቅሶ ተሰማ። ማስረሻ ለስንት ሰው እንደደወለ ያኔ ገባኝ። መምህር መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ለቀስተኛውን ሊቀበሉ ወጡ። ተመልሰው ስፌቴን አዩት። ክሩን አስፈቱኝ። እንደገና ሰፋሁት።